ሐጂ ደሊል የጠበቋት ምት

እኔ የቄራ ሥጋ መርማሪ ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ዶክተር ነኝ እላለሁ፤ የምን ዶክተር ሲለኝ የታረዱ ከብቶች እለዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስጨንቀኝ የለም። ላሟ ታርዳ ስትሰቀል ጉበቷን እገላልጣለሁ፣ ሳንባዋን እዳብሳለሁ፣ ልቧን ሰንጥቄ አያለሁ። ደህና ከሆነች ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ማኅተሜን አሳርፍባታለሁ። አዳማ ላይ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበላ ሁሉ ስሜን ባያውቀውም እኔን አምኖ ነው የሚጎርሰው። ሃያ ዓመት እንዲህ ስኖር ከብት ውስጥ ያላየሁት ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቄራችን አንድ ጣሪያ ሁለት መስመር ነው። በቀኝ በኩል ሙስሊሞች ያርዳሉ፣ በግራ በኩል ክርስቲያኖች። መንጠቆው ሁለት፣ ሚዛኑ ሁለት፣ ሥጋ የሚያመላልሰው መኪና ሁለት፤ ሁለቱም ጋ እንዳሻን የምንገባው እኔና ዝንብ ብቻ ነን። ጠብ እንዳይመስላችሁ፤ ልማድ ነው። የቀኙ ሰው የግራው ልጅ ሲዳር ይጠራል፣ ለብቻ የተሠራለትን በልቶ፣ መርቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የቀኙ አለቃ ሐጂ ደሊል ናቸው፤ የአርሲ ነገሌ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ሲያወጡ ወርቅ የሚመዝኑ የሚመስሉ። የግራው አለቃ ጋሽ ፈዬራ ናቸው፤ አጠር ወፈር ያሉ፣ ሲያርዱም ሲበሉም አፋቸው የማያርፍ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ የተቀጠሩትም በአንድ ወር ነው። ሐጂ ዛሬ ይዘንባል ካሉ ጋሽ ፈዬራ ጃንጥላቸውን እቤት ጥለው ይመጣሉ። ዝናብ ሲመታቸውም ጤዛ ነው ይላሉ።

ሌንሳ የመጣችብን ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ነው። የኩየራ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ተምራ ተመልሳ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምርና የምትመራመር ወጣት። የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ በሩ ላይ ስትቆም ቁርስ የምትሸጥ መስላኝ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው ብዬ መለስኳት። ዞራ መጥታ እንቁልጢ ስጡኝ አለችኝ።

እንቁልጢ ከላሟ ማህፀን ግራና ቀኝ የምትንጠለጠል፣ ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ የምታክል ነገር ናት። የላሟ እንቁላሎች የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። እኛ ከተረፈው ነገር ጋር ጠቅልለን ለአሞራ ነው የምንጥላት። ለምን ፈለግሻት ብላት ሌንሳ ቢሮዬ ቁጭ ብላ ሁሉን አስረዳችኝ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማኋት።

በአዳሚ ቱሉ በኩል ያለ ገበሬ፣ አለች፣ ላሙን ያስዳቅላል። ሦስት ሳምንት ይቆይና ላሟ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ገበሬው አልያዘችም ብሎ እጁን ያጨበጭባል፤ ሁለቴ ሦስቴ ሲደጋገምበት መካን ናት ብሎ ወደ እኛ ይነዳታል። «ይዛ እኮ ነበር፣ አዴ በድሪያ» አለችኝ። «ሽሉ ተጀምሮ ነው፣ ማንም ሳያውቅለት የሞተው። ለምን እንደሚሞት እኔም አላውቅም።»

ለማወቅ ደግሞ እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ላም ሆድ ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከእንቁልጢዋ ውስጥ እንቁላሎቹን ቀድታ፣ ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከኮርማ ዘር ጋር ታገናኛቸዋለች። በሳምንቱ ከደቃቅ አሸዋ የማትበልጥ ሽል ትሆናለች። በዚያች ሽል ውስጥ ጥቂት ህዋሶች አሉ፤ ግንደ ህዋስ ይባላሉ። አጥንት እንሁን፣ ቆዳ እንሁን፣ ደም እንሁን ገና ያልወሰኑ ናቸው። እነሱን ለይታ ታሳድግና ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ትከታተላለች። ጥጃ አይወጣውም፤ ሳህን ላይ የሚበቅል ህዋስ ብቻ ነው። ፈቃድ የሰጠኋት አምኜባት ሳይሆን ፔርሙዟ አሳዝናኝ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ነገር ተነሳ። የላሟን እንቁልጢ ትኩስ እንዳለች ቆርጦ ለብ ባለው የጨው ውሃ ውስጥ የሚጥለው አራጁ ነው። ሐጂ ደሊል ፔርሙዙን አይተው፣ ከፈዬራ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አልጨምርም አሉ። ጋሽ ፈዬራም እኔስ ከእሱ ጋር እጨምራለሁ እንዴ አሉ። እንቁልጢ ሥጋ አይደለም፣ የሚበላው የለም ብል ማን ሰምቶኝ። ሌንሳ ሳትከራከር በማግስቱ ሁለት ፔርሙዝ ይዛ መጣች፤ አረንጓዴው ለሐጂ፣ ቀዩ ለጋሽ ፈዬራ። ሐጂ ላቦራቶሪሽም ውስጥ አይቀላቀልም ብለው አስማሏት፤ አልቀላቅልም ብላ ማለች፤ ሳህኖቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ለየብቻ ያዘች።

ጋሽ ፈዬራ ባለፈች ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይተርቧታል። ነገር ግን ሐጂ ሦስት ከሰጡ እሳቸው አራት ካልሰጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔ በልቤ የዚህች ልጅ ሳይንስ የሚራመደው በሁለት ሽማግሌ እልህ ነው እል ነበር።

ወሬው የተነሳው ጥር ላይ ነው። ከየት እንደተነሳ አላውቅም፤ የባጃጅ ሾፌር ለሥጋ ቤት፣ ሥጋ ቤቱ ለመርካቶ ሲነግር ጠርሙስ ውስጥ ጥጃ እየበቀለ ነው ተባለ። ሥጋው ለፋሲካና ለኢድ ይወጣል፣ ቢስሚላህም በስመ አብም ያልተባለበት ነው ተባለ። አንድ ማለዳ ሌንሳ ስትመጣ ሁለቱም ፔርሙዞች ባዶአቸውን ቢሮዬ በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ ኖረው በአንድ ነገር ተስማሙ ቢባል በእሷ ላይ ተስማሙ።

ሌንሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ያለማልቀሷ ይበልጥ አናደደኝ። ከምታሳድጋቸው አብዛኞቹ እንደሚሞቱባት፣ በየሳምንቱ አዲስ ካልተካች ሥራው እንደሚከስም ነገረችኝ። ልብ የሚሆኑትን ህዋሶች ማግኘት የጀመረችው ገና አሁን ነው፤ እንቁልጢው ከቀረ ክፍሉን ለሌላ ይሰጡባታል። ከሄደችበት አገር ተመልሳ የመጣችው ለዚህ ብቻ ነበር። እኔ መርማሪ ነኝ፤ ሥጋ ማሳለፍና መጣል እንጂ ቢላ የያዘን ሰው ይህን ቆርጠህ ስጥ ብዬ ማዘዝ አልችልም። እሄድና አነጋግራቸዋለሁ አልኳት።

ጋሽ ፈዬራ ዘንድ ነገሩ ቀላል ሆነ። እሳቸው የሃይማኖት ነገር አላነሱም፤ ሐጂ ያቆመውን እኔ ብቀጥል ቄራው ሙሉ አያማኝም ወይ፣ እሱ ከሰጠ እሰጣለሁ አሉ። ስለዚህ የልጅቷ ዕጣ ሁሉ ሐጂ ደሊል ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሐጂ ከሥራ በኋላ ቢላቸውን እየጠረጉ አዳመጡኝ። ጥጃ የሚባለው ውሸት ነው ስላቸው አውቃለሁ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። «በድሪያ፣ እኔ ቢላ ሳነሳ ቢስሚላህ የምለው ነፍሱን የሰጠው ሌላ ስለሆነ ነው፤ በስሙ ፈቃድ ጠይቄ ነው የምቆርጠው። እሷ ግን ሳህን ላይ ሕይወት የምታስጀምር ከሆነ፣ ከዚህ ሥራ እጄ የለበትም» አሉኝ።

ይህን የመሰለ ነገር ሥጋ ምርመራ ስማር አላስተማሩኝም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፣ ሄደን በዓይንዎ ይዩት አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ማክሰኞ ከሥራ መልስ እንሂድ አሉ። ጋሽ ፈዬራ ማንም ሳይጠራቸው ባጃጁ ላይ ቀድመው ተቀምጠው አገኘናቸው። እሱ አይቶ ለእኔ ሊነግረኝ ነው እንዴ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻው የሐጂን ቢላ ከወገባቸው አወጣ፤ ከእነ አፎቱ ለዘበኛው አስረክበን፣ ዘበኛው በፍርሃት በሁለት ጣቱ ይዞት ቀረ።

ላቦራቶሪው ጠባብ፣ ነጭ፣ ምንም የማይሸት ክፍል ነው። የቄራ ሰው ምንም የማይሸት ቤት ሲገባ ግራ ይጋባል። ሌንሳ ነጭ ካፖርት አለበሰችን፣ ጫማችን ላይ ፌስታል የመሰለ ነገር አጠለቀችልን። ማይክሮስኮፑ መስኮቱ አጠገብ ነው። ሳህኑ እንዳይበርድበት ላዩ ላይ የራሱ የሙቀት ክዳን አለው። ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን ተበላሽቶ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዷል፤ ስለዚህ በተራ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

የመጀመሪያው ሳህን ከቀዩ ፔርሙዝ የመጣ ነበር። ህዋሶቹ ተሰብስበው ድብልብል ብለው፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ልብ መሆን ይዘዋል አለች። ጋሽ ፈዬራ ጎንበስ አሉ። የሆነ ነገር እያወሩ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ ወሬው አፋቸው ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት ሳውቃቸው ዝም ሲሉ ያን ቀን ሰማሁ።

«ይመታል» አሉ በመጨረሻ። ቀና ሳይሉ የእኔዋ ናት ብለው ጠየቁ። ሌንሳ አዎ ስትላቸው ደረታቸው ተነፋ፤ ያረዷት ላም ልጅ የወለደችላቸው ይመስል ነበር።

ተራዬ ደረሰና ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ላይ ሐመር ጭጋግ ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኔ ሲለምድ በጭጋጉ መሃል አንዲት ቁራጭ፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ፣ ጭምድድ ብላ ትፈታለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ጭምድድ ትላለች። ደም የላትም፣ ደረት የላትም፣ የምትመታለት ማንም የለም። ስንት ሺህ ልብ በእጄ ይዣለሁ፣ ሰንጥቄ ደህና ነው፣ አይደለም ብያለሁ፤ አንዱም ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ፈራሁ። የምፈራው ነገር ስለነበረ ሳይሆን፣ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት ገብቼ የማይታይ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ቀና ብዬ ቦታውን ለሐጂ ለቀቅኩ።

ሐጂ ከሁላችንም ረዘም አድርገው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ማን አስጀመረው ብለው ሌንሳን ጠየቋት። ማንም፣ አለች፤ የምሰጣቸው ምግብና ሙቀት ብቻ ነው፣ መቼ እንደሚጀምሩ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፣ እኔም እዚህ የምሠራው እሱን ለማወቅ ነው።

ሐጂ ራሳቸውን ወዘወዙ። «ይሄ እየመታ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ልብ ሲቆም ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። ሲጀምር ግን አይቼ አላውቅም። የማንም እጅ ሳይነካው ሲጀምር ካየሁ፣ አስጀማሪው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ካላየሁ አልሰጥም።»

ሌንሳ ወደ እኔ አየች። ቀስ ብላ የሐጂን ሳህን ከሙቀቱ ሳጥን አወጣች። ከጋሽ ፈዬራ ሳህን ጋር በአንድ ቀን የተጀመረ ነው፤ ጠዋት ስታየው አልመታም። ዛሬ ሊጀምር ይችላል፣ ነገ ሊጀምር ይችላል፣ ጨርሶ ላይጀምርም ይችላል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደተኙ ነው የሚሞቱት። ይህን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እኔ ብሆን እደብቅ ነበር።

እጠብቃለሁ አሉ ሐጂ። ከዚያ ሌንሳን ግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጧትና እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ አሏት። ውጭ አገር ድረስ ሄዳ የተማረች ልጅ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ ፈዬራ ብቻህን አይተህ እንዳትዋሽ እኔም አልሄድም ብለው አጠገባቸው ተተከሉ።

ሐጂ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ጋሽ ፈዬራ የእኔዋ ትናንት ጀምራለች፣ የአንተዋ በቁሟም ሰነፍ ነበረች፣ ሲነዷት አይቻታለሁ እያሉ ይለክፏቸዋል። ሌንሳ ከጥግዋ ሆና ልብ ሲቆም ምን ይመስላል ብላ ጠየቀች። ሐጂ ዓይናቸውን ሳያነሱ ነገሯት። ካረዱ በኋላ መዳፋቸውን ላሟ ጎን ላይ ያሳርፋሉ። መጀመሪያ በኃይል ይመታል፣ ከዚያ ሰው እየራቀ ሲሄድ ኮቴው እንደሚቀንስ ይቀንሳል፣ አበቃ ሲሉ አንድ የዘገየ ምት ይመጣል። ያን የዘገየውን ሳይጠብቁ እጃቸውን አንስተው አያውቁም። ያረዱትን ሁሉ እንዲህ እንደሚሸኙት ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ድካም መስሎኝ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከሩቅ መስጊድ አዛን ተሰማ፤ የአስር ሶላት ደረሰ። ሐጂ ትንሽ ቆዩ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሶላትም አይጠብቅም፣ ይሄም አይጠብቅም፤ ፊታቸው ላይ ጭንቀት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ጠጋ አልኩ፤ ሙስሊም ነኝ፣ መርማሪ ነኝ፣ ምስክር ቢፈልጉ ከእኔ የተሻለ ማን አለ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ጋሽ ፈዬራን ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ። ትንሽ ከፋኝ።

«ዓይንህን እንዳታነሳ» አሏቸው። «ልጅቷም እንዳትነካው።»

ሐጂ ውዱእ አድርገው፣ ታጥበው ሊሰግዱ ወጡ። ጋሽ ፈዬራ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ መነጽር ላይ ተክለው፣ ይህ ሰውዬ እኮ እኔን ዘበኛ አደረገኝ፣ ደመወዜን ማን ሊከፍለኝ ነው፣ እያሉ ቀጠሉ። ሌንሳ ፈገግ አለች። ከዚያ የጋሽ ፈዬራ ቀኝ እጅ ከጠረጴዛው ተነስታ አየር ላይ ቀረች።

ምንድነው አልኩ። እንድመጣ በጣታቸው ጠሩኝ። ቦታ ለቀቁልኝና ጎንበስ አልኩ፤ ጭጋጉ ጭጋግ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«መታ» አሉ ጋሽ ፈዬራ በሹክሹክታ። «አንዴ። አንዴ ብቻ መታና ተኛ።»

ሌንሳ ከወንበሯ ግማሽ ተነሳች፤ እጇ ግን ከጭኗ አልተነሳም። ሲጀምር እንዲህ ነው አለች፤ አንዷ ትመጣና ትጠፋለች፣ ከዚያ ትመለሳለች፣ አንዳንዴም አትመለስም። ያቺን የመጀመሪያ ምት በዓለም ላይ ያየ ሰው አንድ ነው፤ እሳቸውም ጋሽ ፈዬራ ናቸው። እኔ ገና ይህን ሳስብ ሌላው ነገር ገባኝ። ሐጂ መጥተው ቀድሞ እንደመታ ከሰሙ፣ ዞር ስል ምን አደረጋችሁ ይላሉ፤ የጋሽ ፈዬራን ምስክርነት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ተቀብለውት አያውቁም። ልጅቷ አለቀላት።

ሌንሳ እነግራቸዋለሁ፣ እውነቱን ነው የምነግራቸው አለች። ጋሽ ፈዬራ ዘወር ብለው አዩአት፤ አፋቸውን በጣታቸው ከደኑና ወደ መነጽሩ ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ የሐጂ እግር ተሰማ። እጅጌያቸው ገና እርጥብ ነው።

«እህ?» አሉ ሐጂ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ፈዬራ። ተነስተው ወንበሩን ለቀቁላቸው። «ምን ይሆናል፣ የአንተዋ ሰነፍ ናት ብዬህ የለ።»

ሐጂ ተቀመጡ። እኔ እድሜ ልኬን ያልተመረመረ ሥጋ አላሳለፍኩም፤ ያቺን ቃል ግን አሳለፍኳት። ከዚያ የጠበቅነውን መጠበቅ አልነግራችሁም። ያቺ ምት የመጨረሻዋም ልትሆን ትችል ነበር። ሌንሳ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ በእሷ በኩል እየጸለየች ነው። እኔም በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። ጋሽ ፈዬራ መስኮቱ ጋ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከኋላቸው ቀስ እያለች ስታማትብ አየኋት። እንደዚያ ሁላችንም በየአምላካችን ደጅ ቆመን ከመርፌ ጫፍ የምታንስ ቁራጭ ህዋስ እንለምን ነበር። ማንም ቢያየን አብደው ይሆን ይል ነበር።

የሐጂ ጀርባ ቀጥ አለ።

መዳፋቸውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ ቀስ ብለው፣ ማይክሮስኮፑ ብረት ጎን ላይ አሳረፉት። እንደ ላም ጎን። ቆዩ። ከዚያ «ያ ረቢ» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ደግሞ ቆዩ። ትከሻቸው ከምትመታው ነገር ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ከቆምኩበት አየሁ፤ ትመጣለች፣ ትቆያለች፣ ትመጣለች፣ ከዚያ ሳትቆይ ትመጣለች።

«ጀመረ» አሉ። «ማንም አልነካውም። እያየሁት ጀመረ።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከበሩ መውጫ ቆመው ሲሸኙ የኖሩ ሰው፣ መግቢያውን አዩ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ሐጂ ዞር አሉና ና እይ አሉ፤ ጋሽ ፈዬራ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ ከዚህ በፊት አይተው እንደማያውቁ ሆነው አዩ። ምናልባትም ማስመሰል አልነበረም፤ ሁለተኛ ጊዜም ቢሆን የሚለመድ ነገር አይደለም።

«የአንተዋ ከእኔዋ ትፈጥናለች» አሉ።

ሐጂ ፊታቸውን በነጩ ካፖርት እጅጌ ጠርገው ሌንሳ ፊት ቆሙ። ልጅቷ እንዳዘዟት እስካሁን እጇ ጭኗ ላይ ነው። «ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ አይደለሽም የምታስጀምሪው። አንቺ እንደ እኔ ነሽ፤ እኔ መውጫው ላይ፣ አንቺ መግቢያው ላይ ቆመሽ ታያለሽ። ነገ ማለዳ ነይ። አረንጓዴውን እንዳትረሺ።»

ስንወጣ ሌንሳ ጋሽ ፈዬራን ወደኋላ አስቀረቻቸው። ሳይንቲስት ናትና ልቧ አላረፈም፤ የመጀመሪያዋ ምት ስንት ሰዓት ላይ ነበረች ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሐጂን ተመለከቱ፤ ሐጂ በር ላይ ቢላቸውን ከዘበኛው እየተቀበሉ ነበር። ሐጂ ነው ያየው፣ እሱን ጠይቂ ብለዋት ወደ ባጃጁ ሄዱ። ሌንሳ እኔን አየችኝ፤ ትከሻዬን ነቀነቅኩላት። ማንም አልነካውም፤ ይህ ሐቅ ነው። ጋሽ ፈዬራ የዋሹት ስለ ራሳቸው ብቻ ነው። ባጃጁ ውስጥም እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሐጂ አመመህ ወይ ብለው ግንባራቸውን ዳሰሱላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሐጂ ደሊል፣ ቃል የሚቆጥቡት ሐጂ ደሊል፣ ሁለቱን መስመር መሃል ላይ ሰብስበው አወሩ። ጭጋጉን፣ ጸጥታውን፣ ማንም ሳይነካት የመጣችውን ምት፣ ሁሉን እንደ አመጣጡ አወሩ። በዚህች ከተማ ልብ ሲጀምር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አላህ አሳየኝ አሉ። ማንም ሥራ አልጀመረም፤ ላሞቹ እንኳ ቆመው የሚሰሙ ይመስሉ ነበር።

ሐጂ ሲጨርሱ ከግራው መስመር አንዱ ቆዳ ገፋፊ ሳቀና፣ ጋሽ ፈዬራ እርስዎም እዚያ ነበሩ አይደል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ተረቡን ለመስማት ከአሁኑ ጥርሱን የገለጠ ሰው ነበር። ጋሽ ፈዬራ ቢላቸውን እየሳሉ ነበር፤ መሳላቸውን አቆሙ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።»